ስታዲየም መከራየት ወይስ መገንባት? ለባሕር ዳርና ለጣና ዳርቻ ክለቦች የተዘጋጀ የውሳኔ መመሪያ

በባሕር ዳር ስለ እግር ኳስ ክለብ ዕድገት በተነሳ ቁጥር ንግግሩ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው «የራሳችን ስታዲየም ሊኖረን ይገባል» በሚለው ሐሳብ ላይ ነው። ፍላጎቱ ተገቢ ነው። ሆኖም የክለቡ ቦርድ ጉዳዩን ለጠቅላላ ጉባኤ ከማቅረቡ በፊት ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ፤ እነዚህ ሳይመለሱ ከተዘለሉ ዕቅዱ ወይ የመሠረት ድንጋይ ተጥሎ እዚያው ይቀራል፣ ወይም ታዳጊ የሚያድግበትንና ደመወዝ የሚከፈልበትን ገንዘብ ለዓመታት እየበላ ክለቡን ያዳክማል።

ከተማችን በዚህ ረገድ የቅርብ ትምህርት አላት። የባሕር ዳር ስታዲየም ከ50 ሺህ በላይ ተመልካች እንዲይዝ ታስቦ የተጀመረ ሲሆን፣ በሰኔ 2007 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድኑ ሌሶቶን 2 ለ 1 ያሸነፈበትን ጨዋታ አስተናግዷል። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ስታዲየሙ መስፈርቱን አያሟላም በማለቱ ኢትዮጵያ ጋናን «በሜዳዋ» የገጠመችው ጆሃንስበርግ ላይ ነው። ባሕር ዳር ከተማም በ2015 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን በሁለተኛነት አጠናቆ የኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ተሳታፊ በሆነ ጊዜ የታንዛኒያውን አዛምን ያስተናገደው አዲስ አበባ፣ አበበ ቢቂላ ስታዲየም ነበር። ከዚህ የምንረዳው ግዙፍ ስታዲየም ከተማ ውስጥ መኖሩና ክለቡ የሚጫወትበት ሜዳ ማግኘቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው።

የዚህ መመሪያ አቋም ከመነሻው ግልጽ ይሁን። በእኔ እምነት ለአብዛኞቹ የአካባቢያችን ክለቦች ትክክለኛው ቅደም ተከተል በመጀመሪያ የራስ መለማመጃ ሜዳ፣ ቀጥሎ በጽሑፍ የተረጋገጠ የረጅም ጊዜ የስታዲየም ኪራይ ውል፣ ከዚያም ስሌቱ ከፈቀደ ብቻ በየምዕራፉ የሚያድግ አነስተኛ የራስ ስታዲየም ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ቦርዱ ወደዚህም ሆነ ወደ ሌላ መደምደሚያ በራሱ ቁጥሮች እንዲደርስ የሚያግዙ ናቸው።

ደረጃ 1፦ በዓመት ስንት ቀን በሜዳችሁ እንደምትጫወቱ ቁጠሩ

16 ክለቦች ባሉበትና ሁሉም በሜዳውና ከሜዳው ውጭ በሚጫወትበት ሊግ አንድ ክለብ በዓመት 15 የሜዳ ጨዋታ ይኖረዋል። የወዳጅነትና የጥሎ ማለፍ ጨዋታዎች ቢጨመሩ ቁጥሩ ወደ 20 ይጠጋል። በሌላ አነጋገር ስታዲየሙ በዓመት ከ340 በላይ ቀናት ለዋናው ዓላማው አይውልም።

ለእኛ አገር ክለቦች ግን ከዚህም የሚቀድም ጥያቄ አለ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ፕሪሚየር ሊጉ በተመረጡ ከተሞች፣ ሁሉም ክለቦች በአንድ ቦታ ለሳምንታት እየተሰባሰቡ የሚጫወቱበትን አሠራር ተከትሏል፤ በዚያው ዓመት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ተራ በተራ አስተናግደዋል። በዚህ አሠራር ውድድሩ የት እንደሚካሄድ የሚወስነው አወዳዳሪው አክሲዮን ማኅበር ስለሆነ፣ የራሱ ስታዲየም ያለው ክለብ እንኳ ሙሉ የውድድር ዓመት በሌላ ከተማ ሊያሳልፍ ይችላል። በአንጻሩ መስፈርቱን የሚያሟላ ስታዲየም ያለበት ከተማ የራሱን ክለብ ጨዋታ ብቻ ሳይሆን የሌሎችንም ደርዘን ጨዋታዎች ያስተናግዳል፤ ሆቴሉ፣ ባጃጁና ምግብ ቤቱ ይጠቀማል። ልብ በሉ፤ ይህ ጥቅም በዋናነት የከተማው እንጂ የክለቡ አይደለም። ስለዚህ ስታዲየም የመገንባቱ ወጪ በማን ላይ መውደቅ እንዳለበት ከወዲሁ ያመለክታል።

በዚህ ላይ የጸጥታ ሁኔታ ሲጨመር የሜዳ ቀን ቁጥር ይበልጥ ይዋዥቃል። በመሆኑም ቦርዱ ሦስት ግምቶችን ይጻፍ፤ ሁሉም ጨዋታ በሜዳችን ቢሆን፣ ግማሹ ቢሆን፣ አንድም ባይሆን። ቀጥሎ የሚመጣው ስሌት በሦስቱም ግምቶች መሠራት አለበት። በመጀመሪያው ግምት ብቻ የሚያዋጣ ዕቅድ ብድር ሊወሰድበት አይገባም።

ደረጃ 2፦ ስታዲየሙ የሚለውጠውን ገቢ ብቻ ለይታችሁ አስሉ

ብዙ ዕቅዶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የቴሌቪዥን መብት ገቢ በሊጉ በኩል የሚከፋፈል በመሆኑ ክለቡ ተከራይም ሆነ ባለቤት ያው ነው። የከተማ አስተዳደር ድጎማ፣ የማሊያ ስፖንሰር፣ የተጫዋች ዝውውር ገቢ እንዲሁ በስታዲየም ባለቤትነት አይለወጡም። የሚለወጡት የመግቢያ ትኬት ድርሻ፣ በሜዳው ዙሪያ የሚቆሙ ማስታወቂያዎች፣ የጥላ ፎቅና የክብር መቀመጫ ሽያጭ፣ የምግብና የመጠጥ መሸጫ ኪራይ እንዲሁም ጨዋታ በሌለበት ቀን ከግቢው የሚገኝ ገቢ ናቸው።

ለስሌት ያህል ብቻ የሚከተለውን ግምት እንውሰድ። 15 ጨዋታ፣ በአማካይ 6,000 ተመልካች፣ የአንድ ትኬት አማካይ ዋጋ 50 ብር ቢሆን የዓመቱ የመግቢያ ገቢ 4.5 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ከዚህ ላይ ለጥበቃ፣ ለትኬት ሠራተኞች፣ ለጽዳት፣ ለአምቡላንስና ለመሳሰሉት አንድ ሦስተኛው ቢወጣ 3 ሚሊዮን ብር ይቀራል። አሁን አነስተኛ ስታዲየም በ250 ሚሊዮን ብር ተገነባ፣ ገንዘቡም በ16 በመቶ ወለድ ተበደረ እንበል። የመጀመሪያው ዓመት ወለድ ብቻ 40 ሚሊዮን ብር ነው፤ ከትኬት ከሚተርፈው ከ13 እጥፍ በላይ ማለት ነው። ተመልካቹ በእጥፍ ቢጨምር፣ ትኬቱም በእጥፍ ቢወደድ፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ቢሆኑ እንኳ ወለዱ አይሸፈንም።

«እኛ አንበደርም፣ ባለሀብትና ደጋፊ ያዋጣልናል» የሚል ቦርድ ሊኖር ይችላል። ይህም ቢሆን ስሌቱን አያስቀርም። ለሕንፃው ዓመታዊ ጥገና የግንባታውን ዋጋ 2 በመቶ ብንይዝ 5 ሚሊዮን ብር ይመጣል፤ ይህም ከላይ ካየነው የ3 ሚሊዮን ትርፍ ይበልጣል። ስታዲየሙ በስጦታ የተገኘ ቢሆን እንኳ ከትኬት ሌላ ገቢ ከሌለው ክለቡን በየዓመቱ ያከስረዋል። የእናንተ ቁጥሮች ከእነዚህ ሊለዩ ይችላሉ፤ በራሳችሁ የሒሳብ መዝገብ ላይ ተመሥርታችሁ ተኩዋቸው። ውጤቱ በእጅጉ ይለወጣል ብዬ ግን አልጠብቅም።

በዚህ ምክንያት የመገንባት ጥያቄ በመሠረቱ ጨዋታ ስለሌለባቸው 340 ቀናት የሚነሳ ጥያቄ ነው። በአዲስ አበባ ስታዲየም ዙሪያ ያሉት ሱቆች ይህን ሐሳብ ለመረዳት ጥሩ ምሳሌ ናቸው፤ በመቀመጫው ሥር ወደ መንገድ የሚከፈት ሱቅ ጨዋታ ኖረም አልኖረ ኪራይ ያስገባል። በባሕር ዳር ደግሞ የቱሪስትና የስብሰባ ከተማ መሆኗ የአዳራሽ፣ የጂምናዚየምና የምግብ ቤት ገቢ ተስፋ ይሰጣል። ይሁን እንጂ ይህ ገቢ የሚገኘው ሰው በሚመላለስበት አካባቢ ከተገነባ ነው። ከከተማው ጫፍ በርካሽ የተገኘ ቦታ ለሱቅ አይሆንም፤ ለሱቅ የሚሆነው ቦታ ደግሞ ርካሽ አይደለም። ሁለቱን አጣጥሞ የሚያስቀምጥ ገጽ የሌለው የአዋጭነት ጥናት ሲቀርብ ቦርዱ መልሶ ሊልከው ይገባል።

ደረጃ 3፦ የኪራይ ውሉን እንደ ባለቤትነት ሰነድ አጥብቃችሁ ጻፉ

ኪራይ የሚናቀው በአብዛኛው ውሉ ደካማ ስለሆነ ነው። በየጨዋታው ደብዳቤ እየተጻፈ፣ ፈቃድ እየተጠየቀ የሚገኝ ሜዳ በእርግጥም ክለብን ያዋርዳል። በሚገባ የተጻፈ የ10 ወይም የ15 ዓመት ውል ግን ክለቡ ከባለቤትነት የሚፈልገውን አብዛኛውን ነገር፣ የግንባታን አደጋ ሳይሸከም ሊሰጠው ይችላል። በመሆኑም በዚህ ደረጃ ላይ ጊዜ ወስዶ መሥራት ተገቢ ነው።

በመጀመሪያ ተዋዋዩ ተቋም እንጂ ሰው መሆን የለበትም። ስታዲየሙ የክልል ከሆነ ከሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት፣ የከተማ ከሆነ ከከተማው አስተዳደር፣ የዩኒቨርሲቲ ከሆነ ከቦርዱ ጋር ይፈረም፤ በሚመለከተው አካል ጸድቆና ሰነድ በሚረጋገጥበት ቢሮ ተመዝግቦ ይቀመጥ። ኃላፊ በተለወጠ ቁጥር የሚለወጥ ስምምነት ውል አይባልም።

ሁለተኛው የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ነው። የአገራችን ስታዲየሞች የሕዝብ ሰልፍ፣ ኮንሰርትና ልዩ ልዩ ጉባኤ ስለሚያስተናግዱ፣ ውሉ ለክለቡ ቅድሚያ የሚሰጥባቸውን ቀናት፣ ሌላ ዝግጅት ሊፈቀድ የሚችለው ከጨዋታ በፊት ስንት ቀን ሲቀር እንደሆነና ሣሩ ቢጎዳ የሚያድሰው ማን እንደሆነ መናገር አለበት። በረጠበ ሣር ላይ ለአንድ ሌሊት የቆመ መድረክ የሚያደርሰው ጉዳት በቀናት ውስጥ አይጠገንም።

ሦስተኛው የክፍያው ዓይነት ነው። የእኔ ምክር አነስተኛ ቋሚ ኪራይና ከመግቢያ ገቢ ላይ የሚታሰብ ድርሻ ተደባልቆ፣ ለድርሻውም ጣሪያ ተቀምጦለት እንዲከፈል ነው። ቋሚ ኪራይ ብቻ ከሆነ ተመልካች በጠፋበት ዓመት ክለቡ ይጎዳል፤ ድርሻ ብቻ ከሆነ ደግሞ ባለቤቱ ሜዳውን ለመንከባከብ የሚያነሳሳው ቋሚ ገቢ አይኖረውም። ሊጉ ውድድሩን ወደ ሌላ ከተማ ቢወስድ፣ ፌዴሬሽኑ ወይም ካፍ ሜዳውን ቢያግድ፣ ወይም በጸጥታ ምክንያት ጨዋታ ባይካሄድ ኪራዩ እንደሚቆም በግልጽ ይጻፍ። ይህ አንቀጽ ለጣና ዳርቻ ክለቦች ከማንኛውም አንቀጽ በላይ ያስፈልጋል።

አራተኛው የንግድ መብት ነው። በሜዳው ዙሪያ የሚቆመው ማስታወቂያ የማን ነው? የስታዲየሙ ባለቤት ከአንድ ባንክ ጋር፣ ክለቡ ደግሞ ከሌላ ባንክ ጋር ቢዋዋሉ ማን ያሸንፋል? ሊጉ ለራሱ አጋሮች የሚይዘው ቦታ የቱ ነው? የማሊያ መሸጫ ሱቅ፣ የትኬት መስኮትና የደጋፊዎች ማኅበር ቢሮ በግቢው ውስጥ ቋሚ ቦታ ይኖራቸዋል? እነዚህ ሁሉ በውሉ አባሪ ላይ ከስታዲየሙ ፕላን ጋር ምልክት ተደርጎባቸው ይያያዙ።

አምስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚረሳው የማሻሻያ አንቀጽ ነው። የመልበሻ ክፍል፣ መጸዳጃ፣ የነጠላ ወንበር ገጠማ፣ የመብራት ምሰሶ፣ የጋዜጠኞችና የሕክምና ክፍል የውድድር ባለሥልጣናት በተደጋጋሚ የሚጠይቋቸው ነገሮች ናቸው። ክለቡ ወይም ስፖንሰሩ ከእነዚህ አንዱን ቢያሟላ ወጪው ከኪራይ ላይ በምን ያህል ዓመት እንደሚቀነስ፣ ውሉ ሲያልቅ ንብረቱ ለማን እንደሚሆን ካልተጻፈ ማንም አንድ ብር አያወጣም፤ ስታዲየሙም ያላለቀ ሆኖ ይቀራል። አንድን ነባር ስታዲየም ለመስፈርት ማብቃት አዲስ ከመገንባት በብዙ የሚቀል በመሆኑ፣ ይህ አንቀጽ ለክለቡም ለከተማውም ከሁሉ የበለጠ ጥቅም የሚሰጥ ሆኖ አገኘዋለሁ።

ውኃ፣ መብራት፣ የጄኔሬተር ነዳጅና የሣር አጫጅ ሠራተኛ በማን ወጪ እንደሚሸፈኑም ይለይ።

ደረጃ 4፦ መሬቱን፣ አፈሩንና ውኃውን ከሕንፃው በፊት መርምሩ

ከደረጃ 3 በኋላም ቦርዱ መገንባትን የሚመርጥ ከሆነ ሥራው የሚጀምረው ከመሬት ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ ክለቡ የሚያገኘው የይዞታ መብት ነው። የከተማ ቦታ በሊዝ ስለመያዝ በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 721 ቦታ በጨረታ ወይም በምደባ እንደሚሰጥ ይደነግጋል፤ ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ከተሞች ለስፖርት አገልግሎት የሚሰጥ ቦታ የሊዝ ዘመን እስከ 99 ዓመት ይደርሳል። የሊዝ ውሉ ግንባታ የሚጀመርበትንና የሚጠናቀቅበትን ጊዜ ይወስናል፤ ጊዜው ካለፈ ቦታው ሊነጠቅ ይችላል። ስለዚህ ገንዘቡ ሳይሟላ ቦታ ለመረከብ መቸኮል ትርፉ ኪሳራ ነው። ቦታው ላይ ገበሬዎች ወይም ነዋሪዎች ካሉ የካሳና የመልሶ ማቋቋሚያ ሕጉ በአግባቡ መፈጸም አለበት፤ ቅሬታ ባደረበት መሬት ላይ የቆመ ስታዲየም የአካባቢው ሕዝብ ክለብ ሊሆን አይችልም።

ስፋቱን በተመለከተ፣ ደረጃውን የጠበቀ ሜዳ 105 በ68 ሜትር፣ ማለትም 7,140 ካሬ ሜትር ነው። በዙሪያው የሚተወው ክፍት ቦታ ሲጨመር ወደ አንድ ሄክታር ይጠጋል። መቀመጫ፣ መግቢያና መውጫ በሮች፣ የአምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪና መንገድ፣ የማቆሚያ ቦታ እንዲሁም ወደፊት የሚጨመር ግንባታ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይጠይቃሉ። ሜዳው ርዝመቱ በሰሜንና በደቡብ መስመር ይዘርጋ፤ አለበለዚያ ከሰዓት በኋላ በሚደረግ ጨዋታ ፀሐይ የአንዱን በረኛ ዓይን ትወጋለች። ጥላ ፎቁ በምዕራብ በኩል ሲሆን ተመልካቹ ፀሐይዋን በጀርባው ያደርጋል።

የሐይቁ ዳርቻ ለዓይን የሚማርክ ቢሆንም ለስታዲየም አይመከርም። የከርሰ ምድር ውኃው ቅርብ ነው፤ ረግረጉ ለዓሣና ለአዕዋፍ መራቢያ ነው። የጣና አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል፤ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማን የሚመለከተው የ1995 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 299 ደግሞ እንዲህ ያለውን ግንባታ ከመጀመሪያው እንዲመረመር ያስገድዳል። እምቦጭ ያስጨነቀው ሐይቅ ላይ የፍሳሽና የኮንክሪት ጫና መጨመር የለብንም። ከዳርቻው ራቅ ሲል ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ። ጥቁር መረሬ አፈር ክረምት ላይ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ላይ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱን ሳይቆፍሩና አፈሩን ሳይለውጡ በላዩ ላይ የተሠራ መቀመጫና ሜዳ በጥቂት ዓመት ውስጥ ይዛነፋል። የአፈር ምርመራ ሳይደረግ የተሰጠ ማንኛውም የዋጋ ግምት ሊታመን አይገባም።

ስለ ሣሩ ጥቂት ልዘግይ፤ ምክንያቱም ከኮንክሪቱ ይልቅ የጨዋታውን ጥራት የሚወስነው እርሱ ነው። ባሕር ዳር በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ብታገኝም አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርድ ነው፤ ሊጉ ደግሞ በዋናነት በበጋ ይካሄዳል። በደረቁ ወራት ሣር በቀን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ውኃ ቢፈልግ፣ 8,000 ካሬ ሜትር ሜዳ በቀን 40 ሜትር ኩብ ውኃ ይጠጣል። ይህን ውኃ የከተማው ቧንቧ አይችለውም፣ እንዲችለውም መጠየቅ ተገቢ አይደለም፤ የራስ ጉድጓድና የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ ከመጀመሪያው በዲዛይኑ ውስጥ ይግቡ። በክረምት በተቃራኒው ከሣሩ ሥር የአሸዋና የጠጠር ንጣፍ፣ የማንጠፍጠፊያ ቱቦና በቂ ተዳፋት ከሌለ ሜዳው ወደ ጭቃ ይለወጣል። የተፈጥሮ ሣር በደህና እንክብካቤ ሥር እንኳ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ ጨዋታ አይችልም። ዋናው ቡድን፣ የሴቶች ቡድን፣ ከ17 እና ከ20 ዓመት በታች ቡድኖች ሁሉ በአንድ ሜዳ ከተለማመዱና ከተጫወቱ ሣሩ ይሞታል። ሰው ሠራሽ ሣር ብዙ ሰዓት ይችላል፤ ነገር ግን በ8 ወይም በ10 ዓመት ሙሉ በሙሉ መለወጥ አለበት፣ መለወጫውም በውጭ ምንዛሪ ነው። የፊፋ ከፍተኛው የጥራት የምስክር ወረቀት ደግሞ በየዓመቱ መታደስ ይኖርበታል።

የውጭ ምንዛሪ ነገር ከተነሳ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከዚያ ቀን በፊት በብር የተተመነ የመብራት ምሰሶ፣ የወንበር ወይም የሰው ሠራሽ ሣር ግዢ ምን እንደደረሰበት ማንም ሊገምት ይችላል። በዕቅዱ ውስጥ ከውጭ የሚመጡትን ዕቃዎች ለይታችሁ በዶላር መዝግቡ፤ የተቀሩትን በብር ያዙ፤ መጠባበቂያውንም ለሁለቱ ለየብቻ አስቀምጡ።

ደረጃ 5፦ የሌሎችን ልምድ ከራሳችሁ አቅም ጋር አመዛዝኑ

የአውሮፓ ምሳሌዎች በግዝፈታቸው ሊያስቱን ቢችሉም ውስጣቸው ሲታይ ጠቃሚ ናቸው። ዩቬንቱስ ይጫወትበት የነበረው ዴሌ አልፒ የቱሪን ከተማ ንብረት ሲሆን፣ ወደ 70 ሺህ የሚጠጋ ተመልካች የሚይዝና የመሮጫ መም ያለው ነበር፤ ተመልካቹ ከሜዳው ይርቃል፣ መቀመጫውም ብዙ ጊዜ ባዶ ነበር። ክለቡ ቦታውን ከከተማው ለ99 ዓመት ተረክቦ፣ አሮጌውን አፍርሶ፣ በ2011 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 41 ሺህ ገደማ የሚይዝ መም የሌለው ስታዲየም ከፈተ። እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው ባለቤት ሲሆን መጠኑን መቀነሱ ነው።

የጀርመኑ ክለብ ሙኒክ 1860 ደግሞ የተቃራኒው ምሳሌ ነው። ከባየርን ጋር እኩል ድርሻ ይዞ አሊያንዝ አሬናን ገነባ፤ ስታዲየሙ በ2005 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሳይከፈት በፊት ግን ከዋናው ሊግ ወርዶ ነበር። በዓመቱ ድርሻውን ለባየርን ሸጦ በገነባው ስታዲየም ተከራይ ሆነ። ብድር የሚከፈለው ቡድኑ ቢወርድም ባይወርድም ነው፤ ስለዚህ በደረጃ 2 ስሌት ላይ «ወደ ከፍተኛ ሊግ (ከፕሪሚየር ሊጉ ቀጥሎ ወዳለው ዝቅተኛ እርከን) ብንወርድስ?» የሚል አራተኛ ግምት ይጨመር።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ባሕር ዳር ከተማ በመለያ ምት ያሰናበተው አዛም ነው። አዛም በዳሬ ሰላም ጫፍ፣ ቻማዚ ላይ፣ 10 ሺህ ገደማ ተመልካች የሚይዝ የራሱ ስታዲየም አለው። እጅግ ብዙ ደጋፊ ያላቸው ሲምባና ያንጋ በአንጻሩ ታላላቅ ጨዋታዎቻቸውን ሲያካሂዱ የኖሩት 60 ሺህ በሚይዘው የመንግሥት ስታዲየም ነው። አዛምን የቻለው ከጀርባው ያለው የአንድ ትልቅ የንግድ ቡድን አቅም ነው። የእኛ ክለቦች አብዛኞቹ በከተማ አስተዳደር በጀት የሚተዳደሩ ናቸው፤ ክለቡም ስታዲየሙም የሕዝብ ገንዘብ በሆኑበት ከተማ ሁለተኛ ትልቅ ስታዲየም መሥራት የመጀመሪያውን ሳይጨርሱ መተው ነው።

ደረጃ 6፦ ውሳኔውን በቅደም ተከተል ስጡ

መጀመሪያ የመለማመጃ ሜዳ ሥሩ። ሁለት ሜዳ፣ መልበሻ ክፍል፣ የሕክምና ክፍል፣ የውኃ ጉድጓድና አጥር ያለው ግቢ ከስታዲየም ዋጋ በጥቂቱ ይገነባል፤ በዓመት 20 ቀን ሳይሆን 250 ቀን ያህል ጥቅም ይሰጣል፤ ሊጉ በየትኛውም ከተማ ቢካሄድ ለታዳጊዎቹ ቤት ይሆናል። ቦታው ሲመረጥ ወደፊት በአንዱ ሜዳ ጎን መቀመጫ ሊጨመርበት እንዲችል ሰፋ ተደርጎ ይያዝ፤ በዚህ መንገድ ሁለቱ ዕቅዶች ይገናኛሉ።

ጎን ለጎን የደረጃ 3ን ውል ተደራደሩ። የጎንደሩ ፋሲል ከነማን የመሰሉ የአካባቢው ክለቦችም ተመሳሳይ ችግር ስላለባቸው ከስታዲየም ባለቤቶች ጋር በአንድነት መደራደር የመደመጥ ኃይል ይሰጣል፤ የሜዳ ላይ ፉክክሩ ይህን ሊከለክል አይገባም።

ወደ ግንባታ መሄድ የሚገባው አራት ነገሮች በአንድ ላይ ሲሟሉ ነው፤ የሊጉ አሠራር የሜዳ ጨዋታን በቋሚነት ሲመልስ፣ ክለቡ ለሦስት ተከታታይ ዓመታት በውጭ ኦዲተር የተመረመረ ሒሳብ ሲኖረው፣ ቢያንስ ግማሹ ገንዘብ ያለ ብድር ባንክ ሲገባ፣ ከጨዋታ ውጭ ያለው ገቢ ዓመታዊ ጥገናውን እንደሚሸፍን በተፈረመ የኪራይ ስምምነት ሲረጋገጥ። ሦስቱ ብቻ ቢሟሉ እኔ ቦርድ ላይ ብሆን አልስማማም።

ደረጃ 7፦ ከተገነባ በምዕራፍ ይገንባ

የመጀመሪያው ምዕራፍ ሜዳው፣ የውኃ ማንጠፍጠፊያው፣ መልበሻ ክፍሎቹ፣ መጸዳጃዎቹና በምዕራብ በኩል ያለው አንድ መቀመጫ ከጥላ ፎቁ ጋር ይሁን። ይህ ብቻውን ጨዋታ ሊካሄድበት የሚችል የተሟላ ስታዲየም መሆን አለበት። ሁለተኛው ምዕራፍ የምሥራቁ መቀመጫና በሥሩ ያሉ ሱቆች፣ ሦስተኛው መብራት፣ አራተኛው ከጎሎቹ ጀርባ ያሉት ናቸው። አራቱንም ጎን በአንድ ጊዜ ጀምሮ ሁሉንም በግማሽ ማቆም በአገራችን በተደጋጋሚ የታየ ስሕተት ነው። የመሮጫ መም አታስገቡ፤ ለአትሌቲክስ ከተማው ሌላ ሥፍራ አለው፣ ለእግር ኳስ ተመልካች ደግሞ ቅርበት ዋነኛው ነገር ነው። መጸዳጃ ሲታቀድ የሴቶች ቁጥር በትክክል ይታሰብ፤ እናቶችና ልጃገረዶች ወደ ሜዳ የማይመጡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የዲዛይኑና የቁጥጥሩ አማካሪ ከሥራ ተቋራጩ የተለየና ለክለቡ ብቻ ተጠሪ ይሁን። ቅድመ ክፍያ ያለ ባንክ ዋስትና አይለቀቅ፤ የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትና ይያዝ፤ እያንዳንዱ ክፍያ በተለካ ሥራ ላይ ብቻ ይፈጸም። የዋጋ ማስተካከያ ቀመሩ በውሉ ውስጥ ይጻፍ እንጂ ለኋላ ድርድር አይተው። የደጋፊዎች ማኅበር አንድ ታዛቢ መርጦ በወርኃዊ የግንባታ ስብሰባ ላይ ይገኝ፤ ያዋጣው ሕዝብ ገንዘቡ የት እንደደረሰ በየሩብ ዓመቱ በጽሑፍ ይነገረው።

ርክክቡ ሲፈጸም ክለቡ ከቁልፉ ጋር የተሠራውን ሥራ የሚያሳዩ የመጨረሻ ፕላኖችን፣ የቱቦና የኤሌክትሪክ መስመር ሥዕሎችንና የሣሩን የእንክብካቤ መመሪያ ይረከብ፤ ጉድለት የማረሚያው ጊዜ ሳያልቅ አንድ ሙሉ ክረምት እንዲያልፍበትም ይደረግ፤ የማንጠፍጠፊያው ቱቦ መሥራቱ የሚታወቀው በሐምሌና በነሐሴ ነውና። የጥገናው ሒሳብ ከክለቡ የሥራ ማስኬጃ ተለይቶ ይከፈት፤ ከእያንዳንዱ ትኬት የሚገባለት ድርሻ ከመጀመሪያው ጨዋታ ጀምሮ ይቆረጥ፤ ከዚህ ሒሳብ ለደመወዝም ሆነ ለተጫዋች ዝውውር ገንዘብ እንዳይወጣ በመተዳደሪያ ደንቡ ይከልከል።